አሥራ አምስቱ ደቂቃዎች

መርፌ ፈርቼ አላውቅም። የምፈራው መርፌው ከወጣ በኋላ ያሉትን አሥራ አምስት ደቂቃዎች ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ እጄ መርፌ ከያዘ ብዙ ዓመት አልፎት እንኳ፣ አንድ ሰው "ተወግቼ መጣሁ" ካለኝ ዓይኔ ሳላዘው ወደ ሰዓት ይሄዳል። ከንፈሩን አያለሁ። መዳፉን እያከከ እንደሆነ አያለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ የሚያውቁት ሐኪም ቤት ሌላ ነው፤ እኔ የማውቀው የቢቸናውን ነው።

በደርግ ጊዜ ቢቸና ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ነበርኩ። የተወለድኩት ሞጣ ነው። ሥልጠናዬን እንደጨረስኩ ቢቸና መደቡኝ። መኪና ከተገኘ ከእናቴ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ካልተገኘ ግን የት እንደሚታደር አይታወቅም።

ጤና ጣቢያው ሦስት ክፍል ነበረው። በአንደኛው ካርድ ይወጣል፣ በሁለተኛው ቁስል ይታጠባል፣ በሦስተኛው እኔ መርፌ እወጋለሁ። ጥጉ ላይ ቡታጋዝ አለ፤ በላዩ ሲሪንጅና መርፌ የሚቀቀልበት ድስት ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ ይውላል። ሲሪንጁ የመስተዋት ነበር። መርፌው ሲደንዝ በድንጋይ እንስለው ነበር፤ ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው የምዋሽ ይመስላቸዋል።

ሰው ደግሞ መርፌ ይወዳል። ክኒን የሰጠሁት ሁሉ እንደተናቀ ቆጥሮ አኩርፎ ይሄዳል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ በክኒን የሸኘሁት አንድ ገበሬ፣ በሩ ላይ ቆም ብሎ "ምን አድርጌሽ ነው?" ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳም። መርፌ ሲሉም ፔኒሲሊን ማለታቸው ነው፤ ነጩ፣ ወተት የመሰለው፣ ሲገባ የሚከብደው። ሳል ቢሆን፣ ጉሮሮ ቢሆን፣ መግል የያዘ ቁስል ቢሆን፣ እሱ ነው። ስንቱን ሰው ከሞት አፍ መልሷል፤ ክፉ አልናገረውም።

ኃላፊያችን ከአርሲ ተመድበው የመጡ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የገፉ ሰው ነበሩ። ስብሰባ ላይ "ጓድ" እንላቸዋለን፤ ከስብሰባ ስንወጣ ጋሼ ይሆናሉ። አንድ የማይታጠፍ ሕግ ነበራቸው። ማንም ሰው ፔኒሲሊን ከመወጋቱ በፊት፣ ከመድኃኒቱ ጥቂት በብዙ ውሃ ተበጥብጦ አንዲት ጠብታ በክንዱ ቆዳ ሥር ትሰጠዋለች። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። ቦታው ከቀላና ካበጠ መርፌው ቀረ። ምንም ካልሆነ ይወጋል፤ ተወግቶም ሌላ አሥራ አምስት ደቂቃ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ለዚሁ ሲባል ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት አሰቅለው ነበር። በጤና ጣቢያው ውስጥ አንድም ቀን ተበላሽቶ የማያውቅ ነገር ቢኖር ያ ሰዓት ነው።

እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜ አንጠብቅም ነበር። ሰልፉ ሲረዝም፣ ሰዉ ሲነጫነጭ፣ "ከዚህ በፊት ተወግተህ መርፌው አስቸግሮህ ያውቃል?" ብለን እንጠይቃለን። የለም ካለ እንወጋለን። ሁሉም የለም ነው የሚለው። "እንወጋለን" ስል ጥፋቴን ለሌላ ለማካፈል አይደለም። የማወራው ስለ ራሴ እጅ ነው።

እናቴ የመጣችው በጥር ወር፣ በገበያ ቀን ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሞጣ ውስጥ ብቻዋን ትኖር ነበር። ሳል ይዟት ጸበል ስትጠመቅ ሰነበተች፤ አልለቅ ቢላት በጤፍ ጫኝ መኪና ተሳፍራ ወደ እኔ መጣች። ስትገባ ትንፋሽ አጥሯት መቃኑን ይዛ ቆመች። ጀርባዋን በማዳመጫ ሰማሁት። በቀኝ በኩል፣ ወደ ታች፣ ይንኮሻኮሻል። የሳንባ ምች ነበር።

በዚያ ቀን ኃላፊያችን ለስብሰባ ተጠርተው አልነበሩም። ደጅ ያለው ሰልፍ እስከ ባሕር ዛፉ ደርሷል።

"እማ፣ ከዚህ በፊት መርፌ አስቸግሮሽ ያውቃል?" አልኳት።

"ኧረ የለም። ምን ሁኜ።"

"እስቲ አስታውሺ።"

"የለም አልኩሽ እኮ። ይልቅ ቶሎ ውጊኝና ልረፍበት።"

ጠብታዋን መሞከር ነበረብኝ። አልሞከርኩም። እናቴ ናት፤ እንደማላውቃት ሰው ደጅ አስቀምጬ ክንዷን ልመረምር ነው? ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህን ነው። ደግሞም በሰልፉ ያሉት "ለእናቷ ሲሆን ጊዜ አላት" እንዳይሉኝ ፈራሁ። ስለዚህ ቀዳሁ፣ ወጋሁ፣ በጥጥ አሸት አደረግሁላት፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳትና ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

ቀጣዩ ሰውዬ እጅጌውን ጠቅልሎ ሳይጨርስ ከደጅ ጠራችኝ።

"ልጄ፣ መዳፌን በላኝ።"

ድምፅዋ የእሷ አልነበረም፤ ጎርነን ብሏል። ዘወር ስል ከንፈሯ አብጧል። አንገቷና ደረቷ ሳማ የለበለበው መስሎ ተዥጎርጉሯል። ልትነሣ ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ወደ ጎን ወደቀች። እጇን ያዝኩ፣ የደም ሥሯን ፈለግኩ፣ አጣሁት። ከጉሮሮዋ የሚወጣው አየር ያፏጫል፤ እንዲያ ያለ ፉጨት ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ፍርሃት አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። በዚያ ዘመን የማያውቀው ማን አለ? በር ሲንኳኳ ሁላችንም በድንጋጤ እንተያይ ነበር። ያ ግን ከውጭ የሚመጣ ፍርሃት ነው። ይህኛው ከገዛ እጄ የወጣ ነበር፤ ሲሪንጁ እንኳ ገና ከጣቴ አልተለየም።

እንዲህ ሲሆን ሰውን የሚመልሰው መድኃኒት፣ አድሬናሊኑ፣ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ክሩ በራሴ አልወጣ አለኝ፤ በጠስኩት። የአድሬናሊኑን ጠርሙስ አንገት ስሰብር ጣቴን ቆረጠኝ። ጭኗ ላይ ወጋኋት። እግሯን አግዳሚው ላይ ከፍ አድርገው እንዲይዙልኝ በሰልፉ ያሉትን ለመንኩ። ከዚያ ሰዓቱን ማየት ነበር። አንድ ደቂቃ። ሁለት። እናቴ ዓይኗ ተከፍቶ ታየኛለች፣ ግን አታየኝም። የእናቴን ሞት ለዘመድ ምን ብዬ እንደማረዳ ማሰብ ጀመርኩ፤ ቃሉን ሁሉ መረጥኩ። በአምስተኛው ደቂቃ የደም ሥሯ ከጣቴ ሥር እንደ ቀጭን ክር ሆኖ መጣ። ሁለተኛ ደገምኳት። ፉጨቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ።

ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው ለሰልፈኛው ነው።

"አያችሁ? ልጄ አዳነችኝ!"

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና አስመለሰኝ።

ኃላፊያችን ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። "ጠብታ ሞክረሻል?" አሉኝ። "አልሞከርኩም" አልኩ። አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ የተኛችበት አልጋ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"እማማ፣ ከዛሬ በፊት መርፌ ተወግተው ያውቃሉ?"

"እንዴታ። ሁለት ጊዜ።"

"የመጀመሪያው ጊዜ ምን ሆኑ?"

"ምንም። ዳንኩበት።"

"ሁለተኛውስ?"

"ሁለተኛውማ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች እናቴ። "ከጸበል ወጥቼ ሰባት ቀን ሳልሞላ ቸኩዬ ተወጋሁ። ገላዬ ሁሉ እሳት ሆነ፣ ዓይኔ ተደፈነ። ጸበሉ ነዋ የተቆጣኝ። መርፌው ምን አደረገ? የዛሬውም ያው ነው፤ ከጸበሉ የወጣሁ ገና ትናንት።"

አልዋሸችኝም። መርፌ አስቸግሮሽ ያውቃል ወይ ነው ያልኳት፤ እሷ በምታውቀው ያስቸገራት ጸበሉ እንጂ መርፌው አይደለም። ጸበልና መድኃኒት አይቀላቀልም ሲባል እኔም ሞጣ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። "ገላሽ አብጦ፣ አሳክኮሽ ያውቃል?" ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ከነቀኑ ትነግረኝ ነበር። አጠያየቁን እኔ፣ የአገሯ ልጅ፣ ማወቅ ነበረብኝ።

ኃላፊያችን ወደ ጓዳ ጠርተው አስረዱኝ። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

"ሰውነታችን ውስጥ አብዮት ጥበቃ አለ በይ" አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። "ሥራው ባዕድ ሲገባ መያዝ ነው። ጀርም ሲገባ ይይዛል፤ እሱ ባይኖር አንድ ሳምንት አንቆይም። ፔኒሲሊን ግን በጣም ትንሽ ነገር ስለሆነ ብቻውን ቢያልፍ አያየውም። ችግሩ ደም ውስጥ ሲገባ ከራሳችን ፕሮቲን ጋር መጣበቁ ነው። ያኔ ጠባቂው የሚያውቀው ሰው የማያውቀውን ጋቢ ለብሶ የመጣበት ይመስለዋል። ይደነግጣል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አያደርግም፤ ይመዘግበዋል፣ በስሙ የመያዣ ትእዛዝ ያወጣል። አበቃ። ሰውየውም ድኖ ይሄዳል።"

ያ ትእዛዝ፣ መጽሐፉ ፀረ እንግዳ አካል የሚለው ነው። በቆዳ ሥር፣ በጉሮሮ፣ በሳንባ፣ በአንጀት ቦታ ቦታቸውን ይዘው የቆሙ ሴሎች አሉ፤ ትእዛዙ ሄዶ እነሱ ላይ ይለጠፋል። ሴሎቹ ሂስታሚን የሚባል ነገር በሆዳቸው ይዘው ይጠብቃሉ፤ ወርም ይሁን ዓመት። ፔኒሲሊኑ ሲመለስ ይለዩታል፤ የያዙትንም በአንድ ጊዜ ይደፉታል። የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ውሃቸውን ያፈሳሉ። ገላ ያብጣል፣ ጉሮሮ ይጠባል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። አድሬናሊን የላላውን የደም ሥር መልሶ ያጠብቃል፣ የጠበበውን የአየር መንገድ ይከፍታል፤ ከዘገየ ግን አይደርስም።

"ሊገድላት የነበረው መርዝ አይደለም" አሉ ኃላፊያችን። "የራሷ ጠባቂ ነው።"

"ለምን እሷን? ስንቱን ሰው ወግቻለሁ።"

"እሱን የሚያውቅ የለም። አንዱ ጠባቂ ይደነግጣል፣ ሌላው አይደነግጥም። አንዴ ከመዘገበ ግን በቀላሉ አይሰርዝም። የእናትሽን ተመልከቺ፤ መጀመሪያ ምንም፣ ከዚያ ሽፍታ፣ ዛሬ ደግሞ ይህ። ለአራተኛው አትጠብቂ።"

መመዝገብ ምን እንደሆነ በዚያ ዘመን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ያን ቀን ግን እናቴ በገዛ ገላዋ ውስጥ ተመዝግባ እንደምትኖር አወቅሁ፤ ፈራሁላት።

ኃላፊያችን ወረቀት እንድጽፍላት አዘዙኝ። በትልልቅ ፊደል፣ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ እያንዳንዱን ፊደል እያደመቅሁ ጻፍኩ። "የዚህ ወረቀት ባለቤት ፔኒሲሊን ብትወጋ ትሞታለች። በምንም ምክንያት እንዳትወጓት።" ፈረምኩበት፤ ክቡን ማኅተም አስመታሁበት። ኃላፊያችን አይተው "አንብቢላት" አሉኝ። "በቃሏ እስክትደግመው ድረስ አንብቢላት።"

አላነበብኩላትም።

ካነበብኩላት "ፔኒሲሊን የቱ ነው?" ትለኛለች። ያን ቀን የተወጋሽው ነው እላታለሁ። "ማን ወጋኝ?" የሚለውን መጠየቅ እንኳ አያስፈልጋትም። በዚያ ሳምንት እቤቴ ተኝታ ስታገግም፣ ልትጠይቃት ለመጣች ጎረቤት ሁሉ "ልጄ ከሞት አፍ አወጣችኝ" ስትል ነው የሰነበተችው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የማላውቃቸው ሴቶች አቁመው ይመርቁኝ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት አፍርሼ፣ የጣልኩሽ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ቀኑ አለቀ።

የምትሄድ ቀን፣ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ፣ ወረቀቱን አራት አጥፌ እጇ ላይ አደረግሁላት።

"እማ፣ ይህ ከአንቺ እንዳይለይ። ሐኪም ቤት ስትሄጂማ ጨርሶ እንዳትረሺው።"

"ምንድን ነው?"

"ክፉ ነገር እንዳይደርስብሽ የሚከለክል ነው።"

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ወረቀቱን ግንባሯ ላይ አስነክታ ተሳለመችው፤ ከዚያ በደረቷ በኩል ከተተችው። ስትሳለመው አይቻለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናው ሄደ፤ እኔም የተገላገልኩ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ክረምቱ አልፎ፣ መስቀል አልፎ፣ አዝመራው ሊነሣ ሲል፣ ከሞጣ የመጣ አንድ መምህር ጤና ጣቢያው ድረስ ፈልጎኝ መጣ። "እናትሽን ትንሽ አሟታል፤ ብቅ ብለሽ ብታያት ጥሩ ነው" አለኝ። በእኛ አገር ሞት እንዲህ ነው የሚነገረው። ማንም ሰው ሞታለች አይልም፤ ትንሽ አሟታል ነው የሚለው። ፊቱን አየሁት፤ ዓይኑን አሸሸብኝ። "እውነቱን ንገረኝ" አልኩት። "እኔ የሰማሁት ይህን ነው" አለ።

ያለ መሸኛ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም ነበር። እሱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ደጅ ጠናሁ። በማግስቱ ጠዋት እህል ጫኝ መኪና ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለራሴ እደጋግማለሁ፤ ወረቀቱ አላት፣ ያ ነገር አይሆንም፣ ሌላ በሽታ ነው። ጉንደ ወይን ላይ ኬላው አቆመን። ሁላችንንም አስወረዱን። ጠባቂው መሸኛዬን ተቀብሎ በጣቱ እየተከተለ፣ በዝግታ፣ እስከ ማኅተሙ አነበበ። ከዚያ ደግሞ ከላይ ጀመረ። ልቅሶ ላይ ነኝ ልለው ፈለግኩ፤ ካልኩት እውነት የሚሆንብኝ መሰለኝና ተውኩት። ሰው አንዲት ወረቀት እንዲህ አጥብቆ ሲያነብ ቆሜ አየሁት። የእናቴን ወረቀት አንድ ሰው እንኳ እንዲህ አንብቦት ይሆን?

ሞጣ ስንገባ ከቀብር የሚመለስ ሰው አይ ይሆን ብዬ መንገዱን እቃኝ ነበር። ሰፈራችን ደረስኩ። ደጃፋችን ላይ ድንኳን አለመኖሩን ሳይ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

እናቴ መደቡ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ገና እንዳበጠ ነው። አጠገቧ አንዲት ጎረቤት አለች። በርጩማ ላይ ደግሞ በመካከለኛ ዕድሜ ያለ ሰው የደም ግፊት መለኪያውን እየጠቀለለ ነው፤ የሞጣው ሐኪም ቤት ድሬሰር መሆኑን ነገሩኝ። ማን እንደሆንኩ ሲሰማ ብድግ አለ።

"እኔ ነኝ የወጋኋቸው" አለኝ። "ወጋሁ እንኳ አይባልም። ጉሮሮዬ ቆሰለ ብለው መጡ፤ መርፌ ካልሆነ አልቀበልም አሉ። ጠብታ ነው የሞከርኩባቸው። አንዲት ጠብታ። ሰዓት አይቼ ሳልጨርስ ወደቁ። አድሬናሊን ባይኖረኝ ዛሬ አንገናኝም ነበር።"

"አልጠየቅካትም?"

"ጠይቄያለሁ። 'ዱሮ ከጸበል ወጥቼ ስወጋ ይጥለኝ ነበር፤ አሁን ግን አይነካኝም፣ ልጄ አስጠብቃኛለች' አሉኝ። ነገሩ ስላልገባኝ ነው ጠብታ የሞከርኩት።"

"ወረቀትስ? ወረቀት አላሳየችህም?"

"የምን ወረቀት?"

እናቴ ፈገግ አለች። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ ከማተቧ ጎን አንዲት ትንሽ ቀይ ቆዳ መዝዛ አወጣች። አራቱም ጠርዝ በደቃቅ ስፌት ተዘግቷል። ቀዳዳ የለውም።

"ይኸውልሽ። አንድ ቀን ተለይቶኝ አያውቅም። እንዳይርስብኝ ብዬ ክታብ አድርጌ አሰፋሁት። እሱን ይዤ ምን ይነካኛል ብዬ ነው ደፍሬ የሄድኩት። ወደቅሁ፣ ግን አልሞትኩም። ልጄ፣ ሁለተኛ አዳንሽኝ።"

"እባክሽ ለእኔም ጻፊልኝ" አለች ጎረቤቲቱ። "ለልጆቼም።"

ድሬሰሩ ቆዳውን አየ፣ እኔን አየ። ነገሩ ሳይገባው አልቀረም። ቦርሳውን አንሥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዘወር አለና በቅን ልቦና፣ እንደ ሥራ ባልደረባ፣ ጠየቀኝ።

"ቢቸና የተወጉ ጊዜ ጠብታ አልተሞከረባቸውም ነበር?"

እስከ አጥሩ በር ሸኘሁት። ይህ የማላውቀው ሰው፣ ልጇ ያላደረገችላትን አድርጎ ነው እናቴን ያተረፋት። ጎረቤቲቱን ለእናቴ አጥሚት ሠርታ እንድታመጣልኝ ለመንኳት። ሁለታችን ብቻ ስንቀር ምላጭ ፈለግኩ።

"ምን ልታደርጊ ነው?" ብላ ክታቧን ጨበጠች። "ተይ ልጄ! ከተፈታ አይሠራም!"

"ስጪኝ እማ።"

"በእሱ ነው በሕይወት ያለሁት!"

"ስጪኝ።"

ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅሁ። ያን ያህል ጨክኜባት አላውቅም። ስፌቱን ቀደድኩ። ወረቀቱ እንደታጠፈ አለ፤ ነጭነቱ እንኳ አልጠፋም። ማኅተሙ ደህና ይታያል። የእጅ ጽሑፌም ጥሩ ነው፤ ሩቅ ሆኖ ማንም ያነበዋል። ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።

"የዚህ ወረቀት ባለቤት ፔኒሲሊን ብትወጋ ትሞታለች። በምንም ምክንያት እንዳትወጓት።"

 እናቴ ቀስ ብላ፣ ጎርነን ባለው ድምፅዋ፣ "ሞቴን ነው አንገቴ ላይ ያንጠለጠልሽብኝ?" አለችኝ።

"ለሐኪም እንድታሳይው ነበር እማ።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ሳታነቢልኝ?"

ልዋሽ እችል ነበር። መኪናው ቸኩሎ፣ ረስቼው፣ የነገርኩሽ መስሎኝ። ሁሉም ምላሴ ላይ መጥተው ነበር።

"የወጋሁሽ እኔ ስለሆንኩ" አልኳት። "ጸበሉ አልተቆጣሽም። መርፌው ነው። ጠብታ ሞክሬ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ሰልፉን ፈርቼ ዘለልኩት። ያዳንኩሽ ራሴ ጥዬሽ ነው። ያን እንዳታውቂብኝ ነው ያላነበብኩልሽ።"

ምን ያህል እንደጠበቅኩ አላውቅም። ቤታችን ሰዓት አልነበረም። የምጠብቀው ምን እንደሆነ ግን አውቅ ነበር፤ ወደ ቢቸና ተመለሺ፣ ዓይንሽን አልይ እንድትለኝ።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ገልብጣ አየችው፤ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። መልሳ ሰጠችኝ።

"በይ ድገሚው" አለችኝ። "እስኪይዘኝ ድረስ ድገሚው። ያ የመርፌው ስም ማን ነበር?"

"ፔኒሲሊን።"

"ፔኒሲሊን" አለች። አላማረላትም፤ ደገመችው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትደግማለች፤ ጎረቤቲቱ አጥሚቱን ይዛ ስትገባ ቃል በቃል ይዛው ነበር። ሴትየዋ ተቀምጣ "ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" ብላ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መለሰችላት።

"ምንም። ልጄ እንዴት እንዳዳነችኝ እያጫወተችኝ ነው።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ካየች ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ያችን ዓረፍተ ነገር ነው የምታስቀድመው፤ አንድ ጊዜ የከብት ክትባት ሊሰጥ ለመጣ ሰው እንኳ ነግራዋለች። ለጎረቤት ግን እስክትሞት ድረስ "ልጄ ሁለት ጊዜ ከሞት አወጣችኝ" እንዳለች ኖረች። ይህን ስትል ዓይኗን ከእኔ ላይ አትነቅልም ነበር፤ እኔም ሰዓት በሌለበት ግድግዳ ላይ ሰዓት እፈልጋለሁ።